ገመድ ያዡ

ባፈና ዋና አይችልም፤ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ለትምህርት ለንደን የመጣ፣ በዕድሜው ከሳፋ የጠለቀ ውሃ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። ውሃ የሚያውቀው ትኽአ ነው። ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር፤ የአየር ቦምቦላ በጀርባው አዝሎ ከመርከብ ሥር የሚሠራ።

በሰባ አምስት ዓመተ ምህረት፣ መጋቢት ላይ፣ ሁለቱ አንድ የኢሚግሬሽን ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትኽአ ጥገኝነት ጠያቂ፣ ባፈና አስተርጓሚው። ከጠረጴዛው ማዶ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴትዮ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። ታሪኩን ካመነችው ትኽአ ለንደን ይቀራል። ካላመነችው ወደ ደርግ ይመለሳል፤ ደርግ የከዳውን ወታደር ምን እንደሚያደርገው ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ባፈና ለትኽአ ወዳጅ ብቻ አልነበረም፤ ወንድሙ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ትኽአ ከመርከብ ወርዶ ማደሪያ ሲያጣ፣ ሃርልስደን ሰፈር ያለችውን አንዲት ክፍሉን ያካፈለው እሱ ነው። በዚያ የብርድ ወራት አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰው፣ ትኽአ እንዴት እንዳመለጠ ነገረው። ለሌላ ሰው ተናግሮት አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ አስቀረ፤ ሲጠልቅ ገመዱን የያዘለት ባልደረባው ሳህሉ ምን ላይ እንደደረሰ። ይጠይቀኛል ብሎ ጠበቀ። ባፈና ግን እንቅልፍ ወሰደው።

ከዚያ ትኽአ የግሪክ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ሁለት ዓመት በባሕር ዞረ። ሲመለስ ባፈና የመኖሪያ ወረቀት አግኝቶ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ለስደተኛ የሚያስተረጉም ሰው ሆኗል። ትኽአ ደስ አለው እንጂ ወረቀቱን በምን ታሪክ አገኘኸው አላለውም። ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?

«እኔም ለጥገኝነት አፕላይ ላደርግ ነው» ሲለው ባፈና ክው አለ። ትኽአ ለእሱ የተጨነቀ መሰለው።

«እንግዲያው በአማርኛ ተናገር፣ እኔ አስተረጉምልሃለሁ» አለው ባፈና። «ያንተ የመርከብ እንግሊዝኛ ነው፤ ያደናቅፉሃል።»

እንግሊዝኛውስ የመርከብ ነው። ግን ባሕር ኃይል ትምህርቱን የሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር፤ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። ትኽአ ዝም የሚለው ባፈና ማውራት ስለሚወድ ነው።

እኢሚግሬሽኑ ክፍል ውስጥ ትኽአ ታሪኩን በአማርኛ ጀመረ። ዳህላክ ደሴቶች አጠገብ የጀልባቸው መልሕቅ ኮራል ውስጥ ተሰንቅሮ፣ ወርዶ እንዲያስለቅቅ ታዘዘ። ኮራል ከባሕር ወለል እንደ ጫካ የበቀለ ድንጋይ ነው፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ወይን ጠጁ ተደባልቆ። ውሃው ለብ ያለ ነው። ዓሦቹ ሰው አይፈሩም፤ እመነጽሩ ድረስ መጥተው ትክ ብለው ያዩታል።

«ጠላቂ ያለ ገመድ አይወርድም» አለ ትኽአ። «አንዱ ጫፍ ወገቤ ላይ፣ ሌላው ጀልባው ላይ በሳህሉ እጅ ነበር። እሱ አንዴ ከጎተተ ደህና ነህ ወይ ማለቱ ነው። እኔ አንዴ ከመለስኩ ደህና ነኝ ማለቴ ነው።»

ሳህሉ ትኽአ ሊያመልጥ እንደሆነ ያውቃል። የየመን ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ከኮራሉ ማዶ እንደምትጠብቅም ያውቃል። ትኽአ ገመዱን ከወገቡ ፈታና አንዴ ጎተተ። ከላይ አንዴ መለሰለት። ያ መሰነባበቻቸው ነበር። ገመዱን ኮራሉ ላይ አስሮ፣ በአንዲት ቦምቦላ፣ ትንፋሹን እየቆጠበ፣ የኮራሉን ግድግዳ ተከትሎ ሄደ። ሳህሉ ሰው የሌለበትን ገመድ ይዞ፣ አለቃው በጠየቀ ቁጥር «እየሠራ ነው» እያለ ጀልባው ላይ ቀረ።

ባፈና ተረጎመ። ትኽአም አዳመጠ። ዳህላክ «ምጽዋ አጠገብ ያለ ቦታ» ሆነ። መልሕቁ የለም። ገመዱ የለም። ሳህሉ የለም። ለማሳጠር ብሎ ይሆናል አለ ትኽአ በልቡ።

ሴትዮዋ መጻፏን ተወች። «እንግዳ ነገር ነው» አለች ወደ ባፈና ዞራ። «ከሁለት ዓመት በፊት በገባ ማመልከቻ ይህንኑ አንብቤያለሁ። አንድ ቦምቦላ፣ የኮራል ግድግዳ፣ የየመን ጀልባ። አንደኛው ሰው ዋሽቷል። ምን መልስ እንዳለው ይጠይቁልኝ።»

ባፈና ወደ ትኽአ ዞረ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ውሃ ትጠጣ እንደሆነ ነው የምትጠይቅህ» አለው።

ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ እንዲያ አለው።

ትኽአ መጀመሪያ የሰማውን ማመን አቃተው። ከዚያ አንድ በአንድ መጣለት። ይህን ታሪክ በዚህ ከተማ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሱፉ፣ ወረቀቱ፣ «አስተረጉምልሃለሁ» ማለቱ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምቶ ያውቃል፤ ፈረሱ ወንድም እንደሚሆን ግን የነገረው አልነበረም። ብርድ ልብሱን ያካፈለው ሰው ሕይወቱን ሰርቆ ለበሰ፤ አሁን ደግሞ ባለቤቱን ውሸታም አሰኝቶ ሊያስባርረው ነው።

«አልጠማኝም» አለ ትኽአ በእንግሊዝኛ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ባፈና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ትኽአ። «በዚያ ሰው ታሪክ ውስጥ ገመዱን የያዘው ማን ነው?»

ትንሽ አሰበች። «የገመድ ነገር አልነበረበትም። ብቻዬን ነበርኩ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ጠልቆ አያውቅም። ከእኛ ጀልባ ያለ ገመድ ያዥ የሚወርድ የለም። እኔን የያዘኝ ሳህሉ ይባላል። አሁንም ሲተረጎም ተዘሏል።»

የገመዱን ምልክቶች ጠረጴዛው ላይ በጣቱ እየመታ አንድ በአንድ አስረዳት። እሷም ጻፈች።

«ያንን ሰው ያውቁታል?» አለችው።

አንድ ስም ይበቃል። ስሙን ከጠራ ግን ባፈና ይባረራል፤ ቦሌ ላይ የሚቀበሉት የደርግ ሰዎች አሉ። መጥራት ፈለገ፤ ከልቡ ፈለገ።

«ለአንድ ሰው ነግሬ ነበር» አለ። «ወንድሜ መስሎኝ።» ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

ሴትዮዋ አላስጨነቀችውም። «ሳህሉስ? አሁን የት ነው ያለው?»

«ሌላ ጠላቂ ወርዶ ቋጠሮውን አገኘው። ሳህሉን በሦስተኛው ቀን ገደሉት። የመን ደርሼ ነው የሰማሁት።»

ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው። ከዚያ «ውሳኔው በደብዳቤ ይደርስዎታል» አለች። «እኔ ግን አምኜዎታለሁ ብዬ ነው የምጽፈው።»

ውጭ ያካፋል። ባፈና እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ከኋላ ከኋላው ተከተለው።

«ወንድሜ፣ ምን ላድርግ፤ የትምህርቱን ድጋፍ ሰርዘውብኝ ሊመልሱኝ ነበር። አንተ ባሕር ላይ ነህ፣ አይጎዳውም ብዬ ነው። ስሜን ስላልጠራህ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ብትጠይቀኝ ታሪኩን እሰጥህ ነበር» አለ ትኽአ። «ሳህሉን ለምን አወጣኸው?»

ባፈና ተንተባተበ። «ብቻዬን ብሆን የተሻለ ጀግና እመስላለሁ ብዬ።»

ትኽአ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«ያቺ ሴትዮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳህሉ የት ደረሰ ብላ ጠየቀችኝ። አንተ በአንድ ብርድ ልብስ አብረን ከርመን አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም።»

ወደ ሃርልስደን የምትሄደው አሥራ ስምንት ቁጥር መጣች። ትኽአ ወጣ። ባፈና እግሩን ደረጃው ላይ ሊያሳርፍ ሲል፣ ትኽአ ዞሮ ደረቱ ላይ እጁን አኖረበት።

«አንተ ቀጣዩን ጠብቅ» አለው።