የአሥራ ሁለተኛዋ ዝንጀሮ ግፊት

ክንድ ላይ የሚታሰረው የደም ግፊት መለኪያ ለዝንጀሮ ይታመናል ወይ? የመመረቂያ ጥናቴ ይህችው ናት። በ2006 ዓ.ም. ሶዶ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ቤተ ሙከራ፣ ተበላ በምትባል ቅርብ ከተማ ዳር በቆሎ ሲዘርፉ የተያዙ ዝንጀሮዎችን በማደንዘዣ እያስተኛሁ በሁለት መንገድ አስለካለሁ። አንደኛው መንገድ በእግራቸው ደም ቅዳ ውስጥ በምትገባ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ቁጥሩ ስክሪን ላይ ይወጣል። ሌላው በእጅ የሚነፋው የክንዱ ነው። ሁለቱ ከተስማሙ፣ ስክሪን የሌለው የገጠር የእንስሳት ሐኪም በክንዱ ብቻ ይሠራል። የተፈቀዱልኝ አሥራ ሁለት ዝንጀሮዎች ናቸው፤ ፈቃዱ ብቻ ስምንት ወር በላ።

የክንዱን የሚለኩልኝ ሲስተር አሰፋሽ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲለኩ የኖሩ ነርስ። በመጀመሪያው ቀን ስክሪኑ የላይኛውን ግፊት ዘጠና አራት ሲል እሳቸው ሰባ ስምንት አሉ።

"ሲስተር፣ ደግመው ይለኩ እንጂ" አልኳቸው። ድምፄ ሳይሻክር አልቀረም።

ሲደግሙ ዘጠና ሦስት ሆነ። ከዚያ እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ልዩነቱ ከሁለት አልበለጠም። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ጥናቱ ሳያልቅ የውጤቱን ምዕራፍ ጻፍኩ።

አሥራ ሁለተኛዋ ላይ መብራት ሄደ። የስክሪኑም ባትሪ ከዳን።

"በክንዷ ስንት ነው?" አልኩ።

ሲስተር ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ እንዳለ ጥቁሩን ስክሪን ያያሉ። "ጠፋ እኮ ዶክተር። ከምን አይቼ ልጻፍ?"

"እስካሁን ከዚያ እያዩ ነው የጻፉት?"

"እኛ ጋ ሐኪም ከለካ በኋላ ሌላ ቁጥር የጻፈ ነርስ ይሰደባል። አንተም የመጀመሪያ ቀን ተቆጣኸኝ። ደግሞ እንዳታፍር ብዬ ነው፣ ልጄ።"

አሥራ አንዱ ዝንጀሮዎች ጫካቸው ገብተዋል። መጮህ አማረኝ፤ ግን የተኛችው ትንፋሿ እየሳሳ ነበር። መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ፤ ንዴቴን አቆየሁት።

"የሰሙትን ብቻ ይንገሩኝ።"

ነፉ፣ አዳመጡ። "ሃምሳ ስድስት።" እንደገና ነፉ። "ሃምሳ ሁለት። እየወረደ ነው።"

የማደንዘዣውን ጠብታ ዘጋሁ፤ በደም ሥሯ የሚገባውን ፈሳሽ ለቀቅኩት። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ማዳመጣቸውን ቀጠሉ። "ስድሳ አራት" አሉ፤ ቆይተው "ሰማንያ አንድ።" ዝንጀሮዋ ጣቷን አንቀሳቀሰች።

መብራት ሲመጣ መዝገቡን ገለጥኩ። በዛሬው ገጽ ላይ የሲስተር አራት ቁጥሮች አሉ፤ የስክሪኑ ዓምድ ባዶ ነው። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ። ዘጠና አራት ይላል፤ ከጎኑ ሰባ ስምንት። ካሉኝ ሁሉ እውነተኛው ጥንድ ያ ብቻ ነበር፤ ሰባ ስምንቱን በራሴ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ።