ትርንጎ «ናው» ያለች ቀን

ዐረብ አገር፣ መላዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሕንጻ እጠብቃለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትርንጎ የምትባል የአገሬ ልጅ አንዲት የልብ ሕመምተኛ አሮጊት ትጦራለች፤ «ማማ» ትላቸዋለች። የማማ ልጅ ሥራ ስትውል፣ ትርንጎ ለድንገተኛ የምትጠራት ሁለት ሕንጻ አልፋ የምትኖር ህንዳዊት ነርስ ናት። ነርሷ ዐረብኛ አይሆንላትም። የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው።

እኔ ድሮ ከመንገድ መሐንዲሶች የለቃቀምኩት ጥቂት እንግሊዝኛ አለኝ። ትርንጎ ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ አስተምራታለሁ። ለቅርብ «ኒር»፣ ለአሁን «ናው»፣ ለቶሎ «ኩዊክ»። የእርስዎ እንግሊዝኛ አስፋልት አስፋልት ይላል ብላ ስቃብኛለች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ በአንድ እግሯ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጋ ወረደች። ማማን ትንፋሽ አጥሯቸዋል። የልጃቸው ስልክ አይነሳም። ነርሷ ግን ምሳ በልቼ እመጣለሁ ብላለች።

ምን ብለሽ ነገርሻት አልኳት።

«ትንሽ አሟቸዋል፣ ሲመችሽ ነይ አልኳት። በስልክ እንዴት አስደነግጣታለሁ፣ ጋሼ?»

ገባኝ። እኛ ክፉ ነገር በስልክ የምንናገረው እንዲህ ነው። የትርንጎ እናት አገር ቤት ያረፉ ጊዜም ለእሷ የተነገራት «ትንሽ አሟቸዋል» ተብሎ ነበር።

«ልጄ» አልኳት፣ «እንደዚያ የሚባለው ሩቅ ላለ ሰው ነው። ምንም ማድረግ አይችልማ። እሷ ቅርብ ናት። ትደንግጥና ትድረስ።»

ደወለች። ሰላምታ ልትጀምር ስትል አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ዓይኗን ጨፈነች።

«ሲስተር፣ ካም ናው። ማማ ኖ ብሬዝ። ዩ ኒር፣ ሲስተር። ኩዊክ።»

ስልኩ ተዘጋ። ተቆጣኋት እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ማማ ሰደድኳትና ሊፍቱን ከፍቼ ይዤ ቆምኩ። ነርሷ ቦርሳዋን አቅፋ እየሮጠች መጣች። ጉርሻዋን ገና አልዋጠችም ነበር።

ሲረጋጋ ውሃ ይዤ ወጣሁ። ማማ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተደርጎላቸው ተኝተዋል። ነርሷ ትንሽ ዘግይቼ ቢሆን ብላ ጀመረችና ተወችው።

ማማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ትርንጎን ጠሩ። አጠገባቸው ተቀምጣለች። አፏ ግን ገና ከእንግሊዝኛው አልተመለሰም።

«ኒር፣ ማማ» አለች። «ኒር።»

ማማ እንግሊዝኛ አያውቁም። እጃቸውን ሰደው ሻሿን ዳሰሱ፤ እዚያው አሳረፉት።

ውሃውን አስቀምጬ፣ የቀረውን አንድ እግር ጫማዋን ከበሩ ሥር አንስቼ አጠገቧ አኖርኩላት።