በሚካኤል ዕለት የተመታች ምስማር

የእስከዳር ጥፋት አንዲት ምስማር ናት። ምስማሯንም የመታቻት ለክፋት አልነበረም፤ ጥቁር ሰሌዳው ከጭቃው ግድግዳ ተላቆ ልጆቹ ላይ ሊወድቅ ሲል ነው። ቀኑ ግን የሰኔ ሚካኤል ነበር። ከኮሶዬ ቁልቁል ባለችው በዚያች መንደር ደግሞ በሚካኤል እንኳን መዶሻ ሙቀጫም አይነሣም።

እሷ በመምህርነት ተመድባ የመጣች የጎንደር ከተማ ልጅ ናት። ፒያሳ ላይ በበዓል ቀን ብረት ቢቀጠቀጥ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እዚህ ግን አገር ጭጭ ባለበት የመዶሻው ድምፅ ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ድረስ ተሰማ። ማዶ ያሉትም ሰምተው ዝም አሉ። ዝምታቸው ነው ክፉው።

በበዓል ቀን ማስተማሩን ያመጣው ችግር ነው። ትምህርት ቤቱ በአገሩ ሁከት ጦስ ተዘግቶ ከርሞ፣ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ለክልላዊው ፈተና የደረሱት መጽሐፉን ሳያጋምሱ ነበር። የሌላው ትምህርት እንደ ነገሩ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ያስለቅሳል። ፊደሉን ይቆጥሩታል እንጂ አንድ ምንባብ አንብቦ «ምን አለ?» ሲባል የሚመልስ አልነበረም። ሰኔ ደግሞ የእርሻ ወር ነው፤ በሥራ ቀን ልጅ ሁሉ ማሳ ላይ ነው። እስከዳር አሰበች፣ አሰበችና መላ ዘየደች፤ በሬ በሚያርፍበት ቀን ልጅም ያርፋል። ማጠናከሪያውን በበዓላት ቀን አደረገችው። ቄስ ሐብተ ማርያምም «ማንበብ ሥራ አይደለም፤ እኛስ በበዓል ዳዊት እንደግም የለ?» ብለው መርቀው ፈቀዱላት። ሲፈቅዱ ግን ስለ መዶሻ ያነሣ አልነበረም።

በዚያ በሚካኤል ዕለት የተለማመዱት ምንባብ ስለ በረዶ ነበር። ነፋስ የዝናቡን ጠብታ ሽቅብ ይዞት እንደሚወጣ፣ ላይ ብርዱ አጠጥሮ በረዶ እንደሚያደርገው፣ ሲከብድ እንደሚወርድ ይናገራል። የአያ በላቸው ልጅ የትነበርሽ ምንባቡን አንዴ አነበበችው፣ ደገመችው፣ ከዚያ ብድግ ብላ ያለ ማንም እርዳታ በአማርኛ አስረዳችው። እስከዳር በደስታ ልታቅፋት ምንም አልቀራት። በእንግሊዝኛ አንብቦ የገባው የመጀመሪያ ልጅ!

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ።

የመንደሩን ድንች አበባው ላይ እንዳለ ፈጀው። የአያ በላቸው ማሳ የባሰ ነበር፤ ቅጠል የሚባል ሳይቀር አገዳው ብቻ ቆሞ ቀረ። ሰውዬው ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ አሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ማታ የትነበርሽ አባቷን የምታጽናና መስሏት ስለ ነፋሱና ስለ ጠብታው አወራችው። ምን እንደ መለሰላት እስከዳር አልሰማችም። የሰማችው በነጋታው መንደሩ ሁሉ «በዓሉን የሻረችው መምህርቷ ናት፤ ይባስ ብላ ልጆቻችንን የእግዜርን ቁጣ ነፋስ ነው እያለች ታስተምራለች» ማለቱን ነው። ቄስ ሐብተ ማርያምም ሕዝቡ ሲያስጨንቃቸው ገዘቱ፤ መምህርቷ በዓል መሻሯን አምና እስክትፈታ ድረስ ልጁን ወደ እሷ የላከ፣ ወደ ፈተናም የሰደደ ውግዝ ይሁን አሉ።

ክፍሉ ባዶ ሆነ። ፈተናው ሰኞ ነው። ዘንድሮ ያልተፈተነ ልጅ ለከርሞ ይመለሳል ብሎ የሚያምን ሰው ቢኖር አገሩን የማያውቅ ነው። የትነበርሽ ደግሞ ቁመቷ ከእናቷ እኩል ሆኗል፤ ዘንድሮ ካመለጣት ነገሩ አበቃ።

«አንዲት ቃል ናት» አላት ርዕሰ መምህሩ አላምረው። «ይቅርታ በያቸውና ገላግዪን።»

«ለምስማሩ እላለሁ።»

«ለምስማሩ ብቻ የሚበቃቸው ይመስልሻል?»

እንዳለውም አልበቃቸውም። እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ሰው ሁሉ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰበሰበ፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ በወዲያ፣ ልጆቹ ከእናቶቻቸው ኋላ። እስከዳር ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች።

«ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ» አለች። «በዓላችሁን አላከበርኩም። ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በሉኝ።»

«ሸጋ» አለ አያ በላቸው። ፊቱ በአንድ ሳምንት ተጨማዷል። «እሱንስ ጆሯችን ሰምቶታል። በረዶውስ?»

«አያ በላቸው፣ ላጠፋሁት ይቅርታ ጠየቅሁ እኮ።»

«ምስማሩማ ድንቼን አልነካውም፣ መምህርት። ድንቼን የፈጀው በረዶ ነው። ለልጆቻችን ከነፋስ ነው የመጣ ብለሻል። እንግዲህ ልጆቹ ይኸው ቆመዋል፤ ከየት እንደ መጣ በእነሱው ፊት ንገሪን።»

እስከዳር ቄሱን አየቻቸው። አንገታቸውን ደፍተዋል። «ልጄ» አሏት ቀስ ብለው፣ «ሕዝቡ ተጎድቷል። የምትይውን ሰምቶ ይጽናና።»

ልቧ ነደደ። ሐዘናቸው ገብቷታል፤ ባዶ ማሳ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ገበሬ መሆን አያሻም። የማይገባት ሐዘናቸው የእሷን ምላስ መፈለጉ ነው። እምቢ ብትል ልክ ትሆናለች፤ ልጆቹ ግን ነገ ጓል ሲከሰክሱ ይውላሉ። እሺ ብትል ደግሞ ስንት ቀን ለፍታ በልጆቹ ልብ ያቆመችውን በገዛ አፏ ልታፈርሰው ነው። ሽማግሌዎቹ አልቸኮሉም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ካለችው አይመለስም። ወደ ልጆቹ ላለማየት እየታገለች አየች። የትነበርሽ ከእናቷ ትከሻ ኋላ ትኩር ብላ ታያታለች።

«በረዶው የመጣው» አለች እስከዳር፣ ድምፅዋ የእሷ አልመስላት እያለ፣ «እኔ ሚካኤልን ስለ ሻርኩ ነው።»

«ነፋስ አይደለም?» አለ አያ በላቸው።

«ነፋስ አይደለም።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ እህህ አለች። አያ በላቸው ዓይኑን በጋቢው ጠረገና «እግዜር ይስጥልን» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። ቄስ ሐብተ ማርያም መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳርፈው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ልጆቻችሁን ስደዱ፤ ተፈተዋል።»

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ግጥም አለ። አንድ ልጅ አልቀረም። አላምረው በበሩ ብቅ ብሎ «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን ፈገግ አለላትና ሄደ። እስከዳር ለመጨረሻ ጊዜ የመልስ ወረቀቱን አጠቋቆር አሳየቻቸው፤ መጀመሪያ ጥያቄውን፣ ቀጥሎ ምንባቡን እንዲያነቡ፣ ያልገባቸው ቃል ቢገጥማቸው እንዳይደነግጡ ነገረቻቸው። ልጆቹ ይሰማሉ። እንደ ድሮው ግን አይጠይቁም።

ሌሎቹ ወጥተው ሲያልቁ የትነበርሽ ቀረች።

«ቲቸር፣ ነገ ስለ በረዶ ቢመጣ የትኛውን ላጥቁር?»

እስከዳር ጠመኔውን አስቀመጠች። «ያነበብሽውን። ምንባቡ የሚለውን።»

«ዛሬ ያሉትን አይደለም?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምነው አሉት?»

«እንድትፈተኑ ብዬ ነው፣ የትነበርሽ። ካላልኩት አይለቋችሁም ነበር።» ይህን ስትናገር እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። «ሌላ መላ አጣሁ።»

ልጅቱ አላዘነችላትም፣ አልተቆጣችምም። የግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበችው። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ የሰንበር መስመር ተጋድሟል፤ ጠቁሮ ዳር ዳሩን ቢጫ መሆን ጀምሯል።

«አባቴ በረዶው የወረደ ለት ማታ ነፋስ አይደለም በይ ብሎ ገረፈኝ» አለች። «እኔ አላልሁም።»

እጅጌዋን መለሰችው፤ «ደኅና ይዋሉ፣ ቲቸር» ብላም ወጣች። ነገ ጠዋት ለፈተናው ወደ ኮሶዬ በእግር ስለሚሄዱ በጊዜ መተኛት አለባት። እስከዳር ሰሌዳውን ማጥፋት ነበረባት፤ ግን እንደ ቆመች ቀረች። በሕይወቷ ያስተማረችው ትምህርት እንዲህ ተይዞላት አያውቅም፤ እንዲህም አፍራ አታውቅም።