በቀረው ላይ ብቻ

ባሌ አናጢ ነው። ሰፈሩ «ሚስማር» ይለዋል፤ አንድ ሐሳብ ውስጥ አንዴ ከገባ አይወጣማ። እኔ ደግሞ የወርክሾፑ ገንዘብ ያዥ፣ ተከራካሪና ተሳዳቢ ነኝ። የትምህርት ቤት ዴስክ የመሥራት ጨረታ ስናሸንፍ የእንጨት መላጊያ ማሽን የግድ ሆነብን። ማሽኑ የአምስት ዓመት ብድር ፈለገ፤ ብድሩ ደግሞ መያዣ። ከቤታችን በቀር የምናስይዘው ምን አለን? መክፈል ቢያቅተን ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?

ባንኩ በዓመት አሥራ ስምንት በመቶ ወለድ ጠየቀን። አንድ ምላሱ ቅቤ የሆነ ጎረምሳ የሚሠራበት አበዳሪ ድርጅት ግን አሥራ ሁለት ብቻ አለ።

«አሥራ ሁለት ከአሥራ ስምንት ያንሳል። ይኼን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ልግባ?» አለኝ ሚስማር።

እኔ ግን ወለዱ በምን ላይ እንደሚሰላ ሁለቱንም ጠየቅኩ። ባንኩ «በቀሪው ዕዳ ላይ» አለኝ። ጎረምሳው «አይጨነቁ እትዬ፣ ቋሚ ነው፤ እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አይልም» አለ። የፈራሁትም ይኼንኑ ነበር። ለባሌ ብነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

በማግስቱ ጎረምሳው ውሉን ይዞ ወርክሾፓችን ድረስ መጣ። ሚስማር ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ሰጋቱራውን በክንዱ ጠራረገና እስክሪብቶ አነሳ። ትዕግሥቴ አለቀ።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አንተ ሰው፣ ለግንበኞች የመወጣጫ እንጨት ስታከራይ፣ ግማሹን የመለሰልህን ሰው የስንቱን ታስከፍለዋለህ?»

«እጁ ላይ የቀረውን ነዋ! ሌባ ነኝ እንዴ?»

«ታዲያ ይኼ ልጅ፣ ዕዳህን ልትጨርስ አንድ ወር ሲቀርህ እንኳ፣ መጀመሪያ በወሰድከው በሙሉው ብር ላይ ነው ወለድ የሚያስብህ። ቀድመህ ብትጨርስም የአምስት ዓመቱን አይምርህም። ባንኩ የሚያስበው በቀረው ላይ ብቻ ነው። ደምረው! አሥራ ሁለቱ አሥራ ስምንቱን ያስከነዳዋል።»

ሚስማር ወደ ጎረምሳው ዞረ። «እውነቷን ነው?»

«ጋሼ፣ እንግዲህ... አሠራራችን ነው።»

«የመለስኩትን እንጨት ኪራይ ልክፈል? ወግድልኝ!» እስክሪብቶውን ወረወረለት። እልል ማለት ቃጥቶኝ ነበር፤ ለጎረምሳው አዘንኩና ተውኩት።

ከባንኩ ተበደርን። ዴስክ ሸጠን ትርፍ በያዝን ቁጥር ከዋናው ብድር ላይ ቀደም እያልን ቀነስን፤ ዕዳው ሲያንስ ወለዱም አብሮ እየሟሸሸ ሄደ። የአምስት ዓመቱ ዕዳ በሦስት ዓመት ተከፍሎ አለቀ።

በመጨረሻው ቀን የባንኩ ሠራተኛ የቤታችንን ካርታ ለባሌ ዘረጋለት። ሚስማር እጁን አልሰደደም።

«ለሷ ስጣት» አለ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። «ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያተረፈችው ግን እሷ ናት።»

ካርታውን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ቀና ብዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እየተንቀባረርኩ ወጣሁ።