ሐኪም ሲያየው የሚረጋ ልብ

ጭልፋው ከሴኖቢያ እጅ አምልጦ ድስቱ ውስጥ ሰጠመ። ልቧ እንደገና ፈርጥጧል፤ ጉሮሮዋ ድረስ እየዘለለ ዓይኗን አጨለመባት። ትኩሱን የሐምራዊ በቆሎ አፒ ሊጠጡ የተሰለፉትን ደንበኞች ለገበያ ጎረቤቷ ትታ ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

የቦሊቪያዋ ኮቻባምባ ነገር! ሰልፈኞች ድልድዩን ዘግተውታል። ክሊኒኩ ስትደርስ ልቧ ምንም እንዳላጠፋ ልጅ ጭምት ብሎ ነበር።

"ይኸው፣ የልብ ምትዎ ምርመራ፣ ኢሲጂው ንጹሕ ነው" አለ ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን ዘርግቶ። "ጭንቀት ነው፣ እናቴ። ኪኒንዎን ይዋጡ፤ ብዙ አያስቡ።"

"ሲነሳብኝ ሳያዩ እንዴት ጭንቀት ነው ይላሉ? እናቴም ጭንቀት ነው እየተባለች ድንች ስትልጥ ተደፍታ ቀረች።"

"እንግዲያው ሲነሳብዎት ይምጡ።"

"ሲነሳብኝማ መንገድ ላይ ነኝ!"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሴኖቢያ በሩን ጓ አድርጋው ወጣች።

ቤት ስትደርስ ታላቅ እህቷ ኤውሎሂያ የሴኖቢያን ነጭ ባርኔጣ ይዛ ጠበቀቻት። አምና መሸጫዋ ፊት ለፊት አውቶቡስ ሲገለበጥ ሴኖቢያ ክፉኛ ደንግጣ ነበር። እንደ ሰፈሩ ሰው ከሆነ ነፍሷ በድንጋጤ ወጥታ እዚያው የመንገድ ማዕዘን ላይ ቀርታለች። እንዲህ የቀረች ነፍስ ደግሞ በራሱ በደነገጠው ሰው ልብስ እየተባበለች ትጠራለች።

"ነገ ጠዋት ሄጄ እጠራልሻለሁ" አለች ኤውሎሂያ።

"ስንቴ ጠራሻት፣ እታለም?"

"ካንቺ ጋር መኖር መሯት ይሆናላ! ምላስሽን ማን ይችለዋል?"

"እማዬንስ ጠርተሽላት አልነበር? መጣች?"

ኤውሎሂያ ባርኔጣውን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሴኖቢያ ወዲያው ጸጸታት፤ ንዴቷ ግን አልበረደም። አንዱ በኪኒን፣ ሌላዋ በባርኔጣ፣ እናቷን እንደሸኟት ሊሸኟት ነው።

በማግስቱ ምድጃዋን የተከለችው ክሊኒኩ በር ላይ ነበር።

"እዚህ መሸጥ ክልክል ነው፣ እትዬ" አላት ዘበኛው።

"ልቤን እየጠበቅሁ ነው። እስኪነሳ አንድ ኩባያ ቅመስ።"

ዘበኛው ግራ ቀኙን አይቶ ኩባያውን ተቀበለ።

ረፋድ ላይ ኤውሎሂያ ባርኔጣውን እንደያዘች እያለከለከች መጣች። "አብደሻል? እኔ እዚያ ማዕዘን ላይ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስጠራሽ!"

"እንግዲህ ነፍሴ ቤት ቀይራለች በይ" አለች ሴኖቢያ። አልሳቀችም።

ደንበኞቿ ሁሉ ገበያ ቀሩ። አፒው ቀዝቅዞ ላዩ ቆዳ ያዘ። ያ ከሃዲ ልብ ቀኑን ሙሉ እንደ ጨዋ ሲመታ ዋለ። አመሻሽ ላይ ሐኪሙ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወጣ።

"ደህና ዋሉ፣ እናቴ? አዩ፣ ይኸው ምንም አልሆኑም" አላት ፈገግ ብሎ።

ሴኖቢያ የቀረውን አፒ አፈር ላይ ደፋችና ምድጃዋን እየጎተተች ወደ ዘበኛው ጎጆ ወሰደችው።

"አደራህን" አለችው፤ "ነገም እመጣለሁ።"