ስም ያልነበረው ቤዝ ጊታር

እንግዳዋ አሮጊት ጸሎቱ መሃል ተነሥታ ከሟቹ ፎቶግራፍ ፊት ቆመች። ሴቶቹ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ በዓይናቸው ተከተሏት። የሟቹ ሚስት አምፓሮ፣ አሮጊቷ ደክሟት ወንበር የምትፈልግ መስሏት ልትነሣ ስትል፣ ሴትዮዋ ጣቷን የፎቶው መስታወት ላይ፣ ሟቹ ካቀፈው ጊታር ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ጊታር የት ነው ያለው?»

ጸሎት የምትመራው ጎረቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ጸሎቱ ሲያበቃ፣ ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ በየምሽቱ እንደሚሆነው፣ ሰዉ ታማሌ የሚሉት የበቆሎ ሊጥ ጥቅልና ቀረፋ የገባበት ቡና ወዳለበት ወደ ማድ ቤት ተመመ። ሹክሹክታው ከቡናው ቀድሞ ደረሰ።

«የድሮ ወዳጁ ትሆን እንዴ?» አለች ቼላ፣ የሟቹ የአጎት ልጅ።

«አፈር ብዪ! ሰማንያ ሊሞላት ነው'ኮ።»

«ቢሞላትስ? የኛ ሲሪሎ መቼ ዕድሜ ጠይቆ ያውቃል?»

አምፓሮ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ሲሪሎ ቢኖር በዚህ ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

ሲሪሎ ቀን ቀን የሳን አንቶኒዮ ከተማን አውቶቡሶች ይጠግን ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ ላይ ቤዝ ጊታር ይመታ ነበር። ያንን ጊታር ከእሁድ ገበያ፣ ከአሮጌ ጎማና ከተሰባበረ ማቀዝቀዣ መሃል አንሥቶ ሲያመጣው አምፓሮ ልጃቸውን ኤፍሬንን አርግዛ ነበር። ጊታሩ ስም የለውም፤ የፋብሪካ ምልክት የለውም። ክብደቱ ደግሞ ለጉድ ነው። «አማቴን አዝዬ የምዞር ነው የሚመስለኝ» ይል ነበር፣ አማቱ እየሰማችው። ሌላ ጊታር አንገቱ ላይ ነጠብጣብ ምልክት በሚኖረው ቦታ፣ በዚህኛው ላይ የዛጎል የልብስ አዝራሮች ከነክር ቀዳዳቸው ተቀብረውበታል። ጀርባው ላይ ደግሞ በእንጨት የተደፈኑ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ድምፁ ግን ወፍራም ነው፤ ከጆሮ ይልቅ ሆድ የሚሰማው።

ሲሪሎ ሠሪውን ያልፈለገበት ቦታ የለም። አንዱ ጠጋኝ «የጃፓን ነው» አለው፤ ሌላው «ድሮ የተዘጋ የሺካጎ ፋብሪካ ሥራ ነው» አለው። አንዱ ብቻ ፈታትቶ ብዙ ካየው በኋላ፣ «ይሄን የሠራው ሰው ጊታር አያውቅም፤ እንጨት ግን ያውቃል» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ሲሪሎ በየሠርጉ አናጺ ነኝ ያለውን ሁሉ ሲያዋራ ያመሽ ነበር። «ሰውዬውን ባገኘው» ይል ነበር፣ «ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አንድ የፖልካ ጭፈራ ዜማ ብቻ እመታለት ነበር።»

ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖም አልተወውም። «አላገኘሁትም አይደል?» አላት።

«ማንን?»

«ሰውዬውን።»

አምፓሮ ጊታሩ አብሮት እንዲቀበር የወሰነችው ያኔ ነው። ኤፍሬን እንቢ አለ። «እማዬ፣ እንጨት'ኮ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል!»

«አባትህስ?» አለችው። ኤፍሬን ጊታሩን አምጥቶ ሣጥኑ ውስጥ ከአባቱ ጎን አስተኛው።

አሁን እንግዳዋ ቡናውን ሳትነካ አምፓሮ አጠገብ ተቀመጠች። ኦቲሊያ እባላለሁ አለች፤ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው የመጣችው። ሲሪሎ ጊታሩን ይዞ የተነሣውን ፎቶ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ላይ አይታ ነው።

«ጀርባው ላይ ሁለት የተደፈኑ ቀዳዳዎች አሉት?»

አምፓሮ ወደሷ ዞረች። «አሉት። እርስዎ በምን አወቁ?»

«የወንበር ናቸው፣ እህቴ። ወንድሜ ናርሲሶ ነው የሠራው። አናጺ ዘንድ ሥራ ይማር ነበር። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አሮጌ አግዳሚዎቹን ሲጥል አንዱን ተሸክሞ መጣ። ጊታር መግዣ ከየት አባቱ ያመጣል? ግቢ ውስጥ ሲልግ፣ ሲልግ ከረመ። አዝራሮቹን ከእናቴ የሠርግ ቀሚስ ላይ ቆርጦ ነው የወሰዳቸው። በመጥረጊያ ነበር ያባረረችው!» ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ከዳት። «አንድ በጋ መታበት። ከዚያ ለቬትናም ጦርነት ጠሩት።»

አምፓሮ ወደ መኝታ ቤቱ ዞር ብላ «ሲሪሎ፣ ና ስማ!» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እንደተከፈተ ቀረ።

«እናቴ ጊታሩን ማየት አልቻለችም» አለች ኦቲሊያ። «ትምህርት ቤት ሳለሁ ለመንገደኛ ነጋዴ ሸጠችው። ጊታር የሚሸጥበት ቤት ባየሁ ቁጥር ስገባ ነው የኖርኩት። ባልሽ'ኮ የልጄ ሠርግ ላይ ተጫውቷል! ስጨፍር አመሸሁ እንጂ ቀና ብዬ አላየሁም። ቤዝ የሚመታውን ማን ያያል?» ወደ አምፓሮ ጠጋ አለች። «ውሰጂው ብትይኝ እንኳ አልወስደውም። አንዴ ብቻ ልዳብሰው።»

የመለሰላት ኤፍሬን ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ፤ «ከአባቴ ጋር ቀበርነው፣ ዶኛ ኦቲሊያ።»

ቼላ ያነሣችውን ስኒ መልሳ አስቀመጠች።

«ግን ይወጣል» አለ ኤፍሬን ፊቱ ቀልቶ። «የመቃብር ቦታውን ኃላፊዎች እጠይቃለሁ። አፈሩ ገና አልደረቀም፣ ይወጣል!»

«ተው ልጄ። ወንድሜ የመጣልን በታሸገ ሣጥን ነው። እናቴ ክፈቱልኝ ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ማንም አልከፈተላትም። ከዚያ ወዲህ ለኔ የተዘጋ ሣጥን የተዘጋ ነው። አባትህን አትንካው።»

ኤፍሬን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ስልኩን አወጣና አባቱ ሠርግ ላይ የመታውን አንድ ፖልካ ከፈተላት። አኮርዲዮኑ ማድ ቤቱን ሞላው፤ ዘፋኙ ጮኸ፤ ሰው አጨበጨበ። ኦቲሊያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«የቱ ነው የሱ?»

ኤፍሬን ድምፁን ጨመረው። አኮርዲዮኑ ባሰበት። ትንሿ ስልክ ቤዙን ጨርሶ አታወጣውም።

«አይሰማኝም» አለች አሮጊቷ፣ እንደ ልጅ። «የቱ ነው? አይሰማኝም።»

አምፓሮ ወንበሯን ሳበች። ያንን ፖልካ ሲሪሎ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ እሷ ባቄላ ስትለቅም፣ ዓመት ከዓመት ሲለማመደው ሰምታዋለች። የኦቲሊያን የከሳ እጅ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ዜማው እስኪዞር ጠበቀችና በሁለት ጣቶቿ፣ ቤዙ በሚገባበት በየቦታው፣ የአሮጊቷን እጅ ጀርባ ትመታላት ጀመር፤ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ።