የሐዳሳ ባትሪ

ሐዳሳ የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሆሳዕና እኔው ጋ አደገች፤ ትንሽ ካሳላት እንኳ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ። ኮምፒውተር ተምራ ስትመረቅ አጎቷ ሚክያስ ከደቡብ አፍሪካ ላፕቶፕ ላከላት። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ሊቀጥራት አስቦ ለቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ሰጣት።

በዚያው ሰሞን እጮኛዋ ሆሴዕ አቧራውን ላጽዳልሽ ብሎ ላፕቶፑን ወሰደና በማግስቱ መለሰው። ከዚያ በኋላ ቻርጀሩ ሲነቀል ድርግም ይል ጀመር። «ባትሪ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ቃለ መጠይቁ እንደተጀመረ የሰፈሩ መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። ደግነቱ ሰዎቹ ለሰኞ ሌላ ቀጠሮ ሰጧት። ሰኞስ መብራት ቢሄድ? ሆሴዕ ግን ባትሪው ሞቷል፣ ከሠርጋችን በኋላ አዲስ አስመጣልሻለሁ እያለ ያባብላታል።

ረቡዕ ዕለት ሐዳሳ ሳታይ ላፕቶፑን በነጠላዬ ጠቅልዬ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው ዛሂራ ሄድኩ። ስልክና ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ምላሷም እንደ እጇ ፈጣን ነው። ሌላ ቻርጀር ሰክታ ሞከረች፣ ያው ነው። ቻርጀሩን ነቅላ ማብሪያውን ተጭና ቆየች፣ አልተነሣም። ከዚያ ከታች ያለውን ክዳን ፈታችው። ባትሪው ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት መሰኪያ ጫፍ ላይ፣ ሽቦ የሚጠቀለልበት ጥቁር ናስትሮ ተለጥፏል።

«እማማ፣ ባትሪው ጤነኛ ነው። አፉን ነው ያፈኑት» አለችኝ።

ምናልባት ከፋብሪካው እንደዚያ መጥቶ ይሆናል አልኳት።

«ፋብሪካ ናስትሮ በጥርሱ አይቆርጥም።»

አንሥታው ስትሰካው ያለ ቻርጀር በራ። እሷ ደስ ብሏት ክዳኑን ልትገጥም ስትል፣ ናስትሮውን እንደነበረ መልሺው አልኳት። ልጅቷ ታውቃለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አታውቅም፣ አንቺም እንዳትነግሪያት አልኩና ትንሿን ካቻቢቴ ተውሼ ወጣሁ።

ሐዳሳን አውቃታለሁ። ጓዳ ጠርቼ ብነግራት እሱ ያለቅሳል፣ እሷ ይቅር ትላለች፣ ዕድሜ ልኳን አፏን ታፍና ትኖራለች። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሐሙስ የሠርግ ልብሷን ስትለካ ጫፉን ከመሬት ያነሣሁላት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ የሆሴዕ አባት አቶ ዳኘ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ሽማግሌዎች ይዘው ከአንጋጫ መጡ። ተጸለየ፣ በቅቤ የተሠራው አተካና ተበላ። እጅ እንደታጠቡ ላፕቶፑን አምጥቼ ሆሴዕ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩና በአባቱ ፊት ምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ባትሪው ሞቷል፣ እማማ።»

«እርግጠኛ ነህ? ተጸልዮበት በተበላ ገበታ ላይ ነው የምጠይቅህ።»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ካቻቢቴዋን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት።

«እንግዲያው ፍታው።»

እማማ ደግሞ መካኒክ ሆኑ ብሎ ሊያስቅ ሞከረ፤ ሽማግሌዎቹም ሳቁለት። አባቱ፣ ኮምፒውተር ያውቃል እየተባለ የሚነገርለትን ልጃቸውን ሊያዩ ፈልገው፣ «ፍታላቸው እንጂ» አሉ። ሐዳሳ አጠገቡ ተንበርክካ በስልኳ አበራችለት። እየፈገገች ነበር። ብሎኑ ከእጁ ወደቀ፤ አንሥታ ሰጠችው።

ክዳኑ ሲነሣ ናስትሮውን ቀድማ ያየችው እሷ ናት። ምንድነው ብላ ጠየቀችው። ክዳኑን መልሶ ሊገጥም ሞከረ።

«ንገራት። በጥርስህ የቆረጥከውን» አልኩት።

«አዲስ አበባ ከሄድሽ አትመለሺም ብዬ ነው» አላት።

ናስትሮውን እንዲያነሣና እንዲያበራው አዘዝኩት። በራ። አቶ ዳኘ ኮፍያቸውን አድርገው ሳይመርቁ ወጡ፤ ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው። ሆሴዕ የመጨረሻው ነበር፤ ናስትሮውን ኪሱ እስኪከት ድረስ በሩን ይዤ አላሳልፈውም አልኩ።

ሐዳሳ ከወለሉ አልተነሣችም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ረቡዕ።»

«ሐሙስ ልብሴን ስለካ ታውቂ ነበር። መብራቱንም በእጄ አስያዝሽኝ።»

«አዎ» አልኳት።

ሰኞ ቃለ መጠይቁ መሐል መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑ ግን አልጠፋም። ተቀጠረችና ሄደች። ለእኔ አትደውልልኝም። ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደምታድር፣ በሯን በደንብ ትቆልፍ እንደሆነ አላውቅም። ወደ ዛሂራ ትደውላለች፤ የደም ግፊት መድኃኒቴን እንደምወስድ ትጠይቃታለች አሉ። አሁን ከሰዓት በኋላ ዛሂራ ሱቅ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ስልኩ ሲጠራ ዛሂራ ድምፁን ከፍ ታደርግልኛለች። እዚያ መኖሬን እንዳታውቅ አፌን በነጠላዬ እይዛለሁ።